ወረደ ሲሉት

መተማ ውስጥ ያረጋልን የማያውቅ ሰው ካለ፣ ያ ሰው ትናንት የመጣ እንግዳ መሆን አለበት። ድምፁ ከራሱ ቀድሞ ነው የሚደርሰው። ሲስቅ ይጮኻል፣ ሲቆጣ ይጮኻል፣ «እንደምን አደራችሁ» ሲልም ይጮኻል። ወላጆቹ ከደጋ መጥተው ጫካ መንጥረው የሰፈሩ ገበሬዎች ናቸው፤ እሱ ግን ተወልዶ ያደገው እዚሁ በረሃ ላይ ነው። ክረምቱን ሰሊጥና ማሽላ ሲያርም ይከርማል፣ በበጋ ሙጫ ይለቅማል፣ መስከረም ጠብቶ የሰሊጥ አጨዳው እስኪደርስ ባለችው ፋታ ደግሞ እንግዳ እየመራ ወደ ፏፏቴው ይወስዳል።

ፏፏቴው ከገለጉ መንገድ ገባ ብሎ፣ በሽመልና በሾላ በታፈነ ሸለቆ ውስጥ ነው ያለው። ጠዋት በጊዜ የተነሣ ሰው አይቶ ለምሳ ቤቱ ይደርሳል። ደግሞ ማየት የፈለገ በመስከረም ነው ማየት ያለበት፤ ጥር ላይ ብትሄዱ የሚጠብቃችሁ ደረቅ ድንጋይና ዝንጀሮ ነው። ወንዙን የአገሩ ሰው ኾር ነው የሚለው፣ ከሱዳኖች ጋር ሲነግድ የለመደው ቃል ነው። በበጋ የሚደርቅ፣ በክረምት የሚያብድ ወንዝ ሁሉ ኾር ነው።

የዚያን ዕለት ጠዋት ሚስቱ አየሁሽ ደጃፉ ላይ ቆማ አላሳልፍ አለችው። አየሁሽ የጎጃም ልጅ ናት። ገና ልጃገረድ ሳለች ለሰሊጥ አረም መጥታ፣ ያረጋልን አግብታ፣ በዚያው ቀረች። አባትና እናቷ ባለፈው ዓመት ተከታትለው ሞቱባት። የቀራት አንድ ወንድም ነው፤ እሱም አገኘሁ ነው። ጢሙ ያቀማቀመ ጎልማሳ ነው፣ እህቱን ሊያይ መጥቶ ሙቀቱ አላስተኛ ብሎት በየጥላው ሲዞር ሰነበተ። ያረጋል ነው «ተይው፣ ይዤው ልሂድና ቀዝቃዛ ውሃ ይይ» ያለ።

«እናት የለኝ፣ አባት የለኝ፣» አለች አየሁሽ። «ያለኝ እሱ ብቻ ነው። ይዤው እሄዳለሁ ካልህ ይዘኸው ና።»

«ምን ነካሽ አንቺ ሴት! ፏፏቴ ነው እኮ የምናየው፣ ጦር ሜዳ አይደለም!»

«እንዲያው አደራ ነው የምልህ።»

«አደራሽን በልቼ አውቃለሁ?» ብሎ ጮኸና ዱላውን ይዞ ወጣ። ውስጡን ግን ነገሯ ከበደው። አየሁሽ አደራ የሚል ቃል በዋዛ ከአፏ አይወጣም።

እንግዶቹ ሐጂ ዑበይዳና ልጃቸው ሳጂዳ ነበሩ። ሐጂ በመተማ ዮሐንስ ሳሙናና ጨርቅ የሚሸጡ ሽማግሌ ናቸው። በጉብዝናቸው ወራት በዚያ ሸለቆ ግመል እየነዱ ያልፉ ነበርና፣ ጉልበታቸው ጨርሶ ሳይከዳቸው አንዴ ልየው ብለው ነው የመጡት። ሳጂዳ ሱቁን የምትይዘው እሷ ናት፤ የሱዳን ሴቶች የሚለብሱትን ረጅም ሰማያዊ ቶብ ተጠቅልላ፣ የአባቷን ክንድ ይዛ ከኋላ ትከተላለች።

ያረጋል ለእንግዳ ሁሉ መንገድ ሳይጀምር የሚናገረው ነገር አለው። እዚህ ረግጡ፣ እዚያ አትርገጡ፣ ከላይ ጩኸት ከሰማችሁ ምንም ሳትጠይቁ ሽቅብ ውጡ ይላል። የዚያን ቀን ግን አልተናገረም። ለማን ይናገር? ሐጂና ሳጂዳ የመተማ ሰዎች ናቸው፣ ከእሱ እኩል ያውቁታል። አገኘሁ ደግሞ አማቹ ነው፣ አንድ ገበታ ላይ ነው የሚበሉት፤ እንግዳ ነው ብሎ አላሰበውም። ያቺን ታህል ነገር ዘለለ፣ መዘዙም ከዚያች መጣ።

ሸለቆው ውስጥ ሲገቡ ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ወፉ ይንጫጫል፣ ሽመሉ ይንሿሿል፣ የፏፏቴው ድምፅ ከሩቅ ያጓራል። መልካው ላይ ሲደርሱ ውሃው ከጉልበት አይበልጥም። ያረጋል ሐጂን አዝሎ ተሻገረ። ሐጂ ጀርባው ላይ ሆነው «ያ ሰላም! በስተርጅና በቅሎ ተሰጠኝ!» እያሉ ይስቃሉ። ሳጂዳም ጫማዋን አውልቃ ቶቧን ሰብሰብ አድርጋ ተከተለች።

አገኘሁ ግን ዳር ቀረ። ውሃውን አየው፣ አየውና ራሱን ነቀነቀ።

«እኔ ዋና አላውቅም፣ ጋሼ ያረጋል። እዚሁ ሁኜ ዕቃችሁን ልጠብቅ። ጎደል ሲል እሻገራለሁ።»

«ኧረ ተው፣ ከጉልበትህ አይበልጥም!»

«አይ፣ ቆይቼ።»

«ደገኛ!» ብሎ ሳቀበት ያረጋል። አገኘሁም ሳቀ፣ አልተቀየመም። ከውሃው ዳር አሸዋው ላይ ቁጭ አለና፣ የውሃውን መጉደል ሊያይበት ዱላውን ጠርዙ ላይ ተከለ። ሦስቱ እሱን ትተው የወንዙን መታጠፊያ ዞሩ።

ፏፏቴውን አዩት። ሐጂ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ፍንጣቂው ፊታቸውን ያርሰው ጀመር። «ግመሎቼን እዚህ ነበር የማጠጣቸው፣» አሉ። ሳጂዳ ፎቶ አነሣቻቸው። ያረጋል ግን ዐይኑ ከፏፏቴው አናት ላይ ነበር። ውሃው መልኩን ለወጠበት። ነጭ ሆኖ ሲወርድ የነበረው መሀል ለመሀል ቡናማ መስመር ገባበት፤ ቅጠልም ይዟል።

«ሐጂ፣ ይነሡ፣» አለ። በለሆሳስ ስለተናገረ ሳጂዳ ደነገጠች። ያረጋል በለሆሳስ ሲናገር ሰምታው አታውቅም።

ከገደሉ አናት ላይ የደረበ ድምፅ መጣ። ደረበ እዚያ ላይ ቀፎ ያለው ንብ አናቢ ነው፣ ወንዙን እስከ ላይኛው ድረስ ያየዋል።

«ወረደ! ወረደ! ወረደ!»

በዚያ አገር ይህን ቃል የሚሰማ ሰው ትርጉም አይጠይቅም። ሰማዩ የፈለገውን ያህል ቢጠራ፣ ደጋ ላይ ዘንቦ ጎርፉ እየመጣ ነው ማለት ነው። የሰማ ሁሉ ሽቅብ ይወጣል። ደግሞ ዝም ብሎ አይወጣም፣ ጩኸቱን ተቀብሎ ለቀጣዩ ያቀብላል፤ ያም ለቀጣዩ፣ ታች ከብት እስከሚያጠጣው ሰው ድረስ። ሰምቶ ያላቀበለ ሰው በዚያ አገር ነፍሰ ገዳይ ነው።

ያረጋል ሐጂን ብድግ አድርጎ ታቅፎ ሮጠ። መታጠፊያውን ዞረው ከመልካው በላይ ካለው የሾላ ዛፍ ሥር ሲደርሱ ቦታው ከፍ ያለ ነው፣ ውሃ አይደርስበትም። እነሱ ድነዋል። ማዶ ግን አገኘሁ አሸዋው ላይ ቁጭ እንዳለ ነው! የፏፏቴው ድምፅ አደንቁሮት የደረበን ጩኸት አልሰማም።

ያረጋል ባለ በሌለ ኃይሉ ጮኸ። «ወረደ! አገኘሁ! ወረደ!»

ሐጂም ተቀበሉት። «ወረደ!» ሳጂዳም ጮኸች። «ወረደ! ወረደ!»

አገኘሁ ቀና አለ። አያቸው፣ ጆሮውን አቃና፣ ሰማ። ፊቱ በፈገግታ በራ። ተነሣና ሱሪውን ወደ ላይ መጠቅለል ጀመረ።

«ምን እያደረገ ነው?» አለ ያረጋል። «ሽቅብ! ሽቅብ! ወረደ እኮ ነው የምልህ!» ሁለት እጁን ያወናጭፋል። አገኘሁ የሽቅቡን ነገር አልሰማም፤ የእጁን ማወናጨፍ ግን አየ። ቶሎ በል የተባለ መሰለው። የሐጂን ከረጢት ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ውሃው ውስጥ ገባ።

ወይ ጣጣ! በእነ አገኘሁ መንደር ወንዝ ወረደ ከተባለ ጎደለ ማለት ነው፤ ቀነሰ፣ ተሻገሩ ማለት ነው። ሲጠብቀው የዋለውን ቃል ነው ሦስቱም እየተቀባበሉ የሚጮኹለት። እነሱ በጮኹ ቁጥር እሱ ይፈጥናል። ያረጋል ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ ይጮኻል፤ አማቹ ደግሞ «እሺ፣ መጣሁ!» በሚል ዓይነት እጁን ያነሣለታል።

ሳጂዳ ናት መጀመሪያ የባነነች። ሱቋ ውስጥ ከጎጃም ከመጣ የቀን ሠራተኛ ጋር ስትነጋገር ነው የምትውለው። የያረጋልን ክንድ ጨምድዳ ያዘችው።

«ዝም በል! ወላሂ ዝም በል! ደገኛ እኮ ነው! ጎደለ ያልነው መስሎታል!»

ያረጋል አፉ ተከፍቶ ቀረ። «ጎርፍ!» አለ። «ጎርፍ መጣ! ተመለስ! ጎርፍ!»

አገኘሁ ይህን ሰማ። ሰማና መሀል ወንዝ ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ። ወደፊት አየ፣ ወደኋላ አየ። ፈገግታው ገና ከፊቱ አልጠፋም ነበር።

ያን ጊዜ ጎርፉ መታጠፊያው ላይ ታየ። ውሃ አይመስልም፤ ግንድና ቅርንጫፍ፣ አረፋና ጭቃ የተሸከመ ቡናማ ግድግዳ ነው። መሬቱ ተንቀጠቀጠ። ያረጋል ልብሱን ለማውለቅ እንኳ አላሰበም። ሳጂዳ ቶቧን ከላይዋ ገፍፋ፣ አንዱን ጫፍ ወገቡ ላይ ስታስር፣ ሌላውን ጫፍ ሐጂ በሾላው ግንድ ላይ አዞሩት። በባዕድ ወንድ ፊት ያለ ቶብ መቆሟን ያሰበ ማንም አልነበረም።

«ሐጂ፣ አደራ ይያዙኝ!»

«ግባ ልጄ! ግባ! ያ ረብ!»

ያረጋል ሲገባና ጎርፉ አገኘሁን ሲያነሣው እኩል ሆነ። ከረጢቱ ሄደ። ራሱ ታየ፣ ጠፋ፣ እንደገና ታየ። ያረጋል እጁን ሰደደ፤ የጨበጠው ቅርንጫፍ ነበር። እንደገና ሰደደ፤ አሁን የሸሚዙን አንገትጌ ያዘ። ሸሚዙ ተቀደደ። ጣቶቹን ፀጉሩ ውስጥ አስገብቶ ያዘና «አልለቅም!» አለ፣ አፉ ጭቃ ሞልቶ። «ገድለሽኝ ነው እንጂ አልለቅም!» ይህን የሚለው ለውሃው ይሁን ለአየሁሽ፣ እሱም እስካሁን አያውቅም።

ግንድ መጥቶ አገኘሁን እግሩ ላይ መታው። ሐጂና ሳጂዳ እግራቸውን የሾላው ሥር ላይ ተክለው ጎተቱ። ቶቡ ጫፉ ላይ መተርተር ጀመረ፣ ሳጂዳ ከተተረተረው በታች ጠምዝዛ ያዘችው። ጭቃው ላይ ወጥተው ሲዘረጉ፣ አገኘሁ ውሃውን ይተፋል፣ ያረጋል ደግሞ የሰውየውን ፀጉር ከእጁ መልቀቅ አቅቶታል። ሐጂ ናቸው ጣቱን አንድ በአንድ የፈቱለት።

ውሃው እስኪያልፍ ቆዩ። ደረበ ከላይ ወርዶ መጣና ከሽመል ቃሬዛ ሠሩ። ጤና ጣቢያ ሲደርሱ አጥንቱ አልተሰበረም ተባለ፤ ሥጋው ግን ከጉልበቱ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ተልጦ ነበር። ቁስሉን በፋሻ ጠቅልለው ሰጧቸው። እያረፉ፣ ቃሬዛውን እየተቀያየሩ፣ ፀሐይዋ ሳታዘቀዝቅ ቤት ገቡ።

አየሁሽ አልጮኸችም። ወንድሟን መደብ ላይ አስተኛችው፣ ሞቅ ያለ ውሃ አምጥታ ፊቱ ላይ የደረቀውን ጭቃ በጨርቅ ማጠብ ጀመረች። ያረጋል በሩ አጠገብ ተቀምጦ መሬት መሬቱን ያያል።

«ምን አስገባህ?» አለችው ወንድሟን። «ውሃ ትፈራ የለም እንዴ አንተ?»

«ጋሼ ያረጋል ጠርቶኝ ነው፣ እታለም፣» አለ አገኘሁ። ቂም የለውም ንግግሩ፤ የሆነውን ነው የሚናገረው። «ዱላዬ ላይ ሳየውማ ውሃው ምንም አልቀነሰም ነበር። ግን እሱ ከጠራኝ፣ እሱ ነው የሚያውቀው ብዬ ገባሁ።»

የአየሁሽ እጅ ቆመ። ቀስ ብላ ዞራ ባሏን አየችው።

«ጠርተኸዋል?»

ያረጋል ብዙ ማለት ይችል ነበር። ዘልዬ ገባሁ፣ በፀጉሩ ጎትቼ አወጣሁት ማለት ይችል ነበር። አንዱንም አላለም።

«ጠርቼዋለሁ።»

«ምን ብለህ?»

«ወረደ አልሁት።»

አየሁሽ ልትናገር አፏን ከፈተች። ያረጋል የሚመጣበትን እርግማን ለመቀበል አንገቱን ደፋ። ምንም አልመጣም። ቀና ሲል ጨርቁ ከእጇ ወድቆ፣ ዐይኗ ወንድሟ ላይ ተተክሎ ነበር። ከንፈሯ ቃሉን ያለ ድምፅ አለው፤ ደግማ አለችው፣ ሌላ ቃል ፈልጋ ያጣች ይመስል። ከዚያ መደቡ ላይ ዝርግፍ ብላ የወንድሟን ራስ ደረቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች።

«ኧረ እታለም፣ ምን ሆንሽ? ተርፌ የለም እንዴ?»

«እኔ እዚያ ቆሜ ብሆን ኖሮ፣» አለችው፣ «እኔ እህትህ፣ እኔም ወረደ ብዬ ነበር የምጠራህ።»