የጦሳ ድንጋይ በሰንዓ

ከደሴ የወጣሁ ዕለት ማታ ጉም ሰፈራችንን ሆጤን ሸፍኗት ነበር። መግሪብ እንደሰገድን እናቴ ከወንድሜ አልጋ ሥር ጆንያ ጎትታ አወጣችና «ከነዚህ አንዱን ያዝ፤ ሁሉንም አትችልም» አለችኝ። ጆንያው ውስጥ ያለው ድንጋይ ነው። ለሌላ ስደተኛ ስንቅ ይቋጠርለታል፣ ለእኔ ድንጋይ። እንዳላማት ግን፣ በሶም ቋጥራልኛለች።

ወንድሜ ሰይድ ከሞተ ያኔ ገና ዓመት አልሞላውም። አዲስ አበባ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ጂኦሎጂ፣ የመሬትን ጥናት ማለት ነው፣ ለሁለተኛ ዲግሪ ይማር ነበር። ስለ እሱ ስጽፍ ቃል ይጠፋኛል። እኔ ደግሞ ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም፤ ታገሱኝ። ጥናቱ ባጭሩ እንዲህ ነው። የእኛ የጦሳ ተራራ ጥቁር ድንጋይና ባሕር ማዶ የመን ያለው ድንጋይ ከአንድ እሳት የፈሰሰ ነው፤ ባሕሩ ኋላ መጥቶ ነው መሬቱን ለሁለት የከፈለው ይላል። ይህን ለማሳየት የየመኑን ድንጋይ ከኛው ጋር ማስተያየት ነበረበት። የመውጫ ቪዛ ሊጠይቅ ሄደ።

«የመን ምን ልታደርግ?» አለው ሹሙ።

«ድንጋይ ለማየት።»

«ወሎ ድንጋይ አንሶ ነው፣ ጓድ? አብዮቱ የሰጠህን ድንጋይ ተማር።»

ሰይድ ይህን ቤት መጥቶ እየሳቀ ነው ያወራን። እናታችን «ታዲያ መቼ ጨርሰህ ነው ሠርግህን የማየው?» ስትለው መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ «ድንጋይ አይቸኩልም፣ እማ።» ከዚያ ከባቲ በታች ቆላ ወርዶ ድንጋይ ሲለቅም ወባ ያዘው። ሲመለስ ዓይኑ ቢጫ ሆኖ ነበር። ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ለብሔራዊ ውትድርና ስሜ ቀበሌ ሲለጠፍ እናቴ «ሁለተኛ ልጅ አልቀብርም» አለች። ወዴት ልሂድ ስላት ቀድማ አስባበታለች። «ሰይድ ሊሄድ የነበረበት ሂድ። ድንጋዩን ለሚያውቅ ሰው አሳይልኝ። ልጄ እውነቱን ነበር ወይስ በከንቱ ነው የሞተብኝ? እሱን ብቻ ንገረኝ።»

ከጆንያው አንዷን መረጥኩ። ከሆጤ በላይ ጦሳ ላይ ሲፈልጣት አብሬው ነበርኩ። በሸሚዝ ጠቀለልኳት።

የሐረጎን ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ የወረድኩት በጋሼ ይመር የጭነት መኪና ነው። የአባቴ ወዳጅ ናቸው። ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ መውጫ ኬላው ላይ ወታደሩ ቦርሳዬን ከፈተ።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ድንጋይ ነው።»

«ድንጋይ መሆኑን እኔም አይቻለሁ። ሸሚዝ የለበሰ ድንጋይ አይቼ ስለማላውቅ ነው። ወርቅ አለበት?»

ስለ እሳቱና ስለ ባሕሩ ላስረዳ አፌን ስከፍት ጋሼ ይመር ከመሪው ላይ ሆነው ተቆጡ። «ታኮዬ ነው፣ ጎማ ሥር የማደርገው! ይኼ ረዳት ነኝ ባይ ታኮውን እንደ ሙሽራ ይሸፍነዋል።»

«በሉ፣ ሙሽሪትን ይዛችሁ እለፉ» አለ ወታደሩ።

ከባቲ ወዲያ ግመል ከሚነዱ አፋሮች ጋር ወደ ጅቡቲ ሄድኩ። ኮምቦልቻ ወርደን «ኧረ ሙቀት» ስንል የኖርን ሰዎች አላህ ይቅር ይበለን፤ ሙቀትን አናውቀውም። ጅቡቲ ወደብ ላይ ጥቂት ወራት ጭነት ተሸከምኩና ወደ የመን በሚሻገር ጀልባ ተሳፈርኩ።

ባሕሩ መካከል ነፋስ ተነሣ። የጀልባው አዛዥ፣ ናኹዳ ይሉታል፣ ከባድ ዕቃ ሁሉ ይጣል አለ። የአንዱ ሳጥን ገባ፣ የአንዲት ሴት የስፌት መኪና ገባ። ቦርሳዬን ሲያነሣው ከበደውና ድንጋዩን አወጣ። የእኔ ዐረብኛ ከቂርአት ቤት ያመጣሁት ነው፤ እሱኑ ደፍሬ «የተየሙም ድንጋይ ነው፣ አይጣልም» አልኩት። ውሃ ያጣ ሰው ለሶላት በውሃ ትጥበት፣ በዉዱእ ፈንታ በንጹሕ መሬት እጅና ፊቱን የሚያብሰው ማለቴ ነው። ደግሞም አልዋሸሁም። ጨው የሆነ ውሃ ለዉዱእ አይሆንም ብዬ፣ ከተሳፈርን ጀምሮ ድንጋዩን እያሸሁ ነበር የምሰግደው። የደሴ ልጅ ባሕር የት ያውቃል።

ናኹዳው ድንጋዩን እንደያዘ ዙሪያውን ቃኘ። «ውሃ አጣህ?» አለኝ። «አላህ ይህን ሁሉ ውሃ ዘርግቶልህ አንተ ድንጋይ ታሻለህ? የባሕር ውሃ ንጹሕ ነው፣ ያ ሐበሺ። ድንጋይህ ደግሞ ለተየሙም የሚሆን አቧራ እንኳ የለውም።»

ጀልባው በሙሉ ሳቀ፤ ሲያስመልሱ የነበሩት ሳይቀሩ። ናኹዳው ዕንባውን ጠርጎ ድንጋዩን ጭኔ ላይ አስቀመጠው። «ይህንስ አልጥልም። ለልጆቼ የማወራው አገኘሁ።» ሰይድ ቢኖር ደግሞ ዕድሜ ልኩን ይስቅብኝ ነበር።

ከባሕሩ ዳር ወደ ሰንዓ ሲወጣ መንገዱ ሐረጎ ሐረጎ ይላል። ብርዱም የኛው ዓይነት ነው፣ ጉሙ ብቻ ቀረበት። አብሽን እኛ ለሆድ ነው የምንጠጣው፤ እነሱ አረፋ እስኪሆን መትተው ወጥ ላይ ያፈሱትና ሰልታ ይሉታል። ለመድኩት። በርበሬያቸው ግን ቀለም እንጂ በርበሬ አይደለም።

ቤት አከራዬ ሐጂ፣ ሽማግሌ ናቸው፣ አፌን ስከፍት «እንደ ጁምዓ ኹጥባ ሰባኪ የሚናገር ተከራይ መጣ» ብለው ሚስታቸውን ጠሩ። ከዚያ ጓዜን ጠየቁኝ። አሳየኋቸው።

«ድንጋይ? ሰንዓ ድንጋይ አነሰ ብሎ ማን ነገረህ?»

በልቤ ሳቅሁ። ሰይድ እውነቱን ነው፣ መሬቱ አንድ ነው፤ የዚያ የቪዛ ሹም ወንድም ይኸው እዚህ አለ።

ግንበኞች ዘንድ ድንጋይ ተሸካሚ ሆንኩ። ዐረብኛዬ ከኹጥባ ወደ ገበያ ሲወርድ ዩኒቨርሲቲያቸው ሄድኩ።

«ተማሪ ነህ?» አለ ዘበኛው።

«የተማሪ ወንድም ነኝ።»

«ወንድምህ የት ነው ያለው?»

ድንጋዩን አውጥቼ አሳየሁት። ምን እንዳሰበ አላውቅም፣ ብቻ አስገባኝ።

ውስጥ ዐብዱልመሊክ የሚባል፣ እንደ ሰይድ ለሁለተኛ ዲግሪ የሚማር ልጅ አገኘሁ። ነገሩን ስነግረው ሻዩን አስቀመጠ። ከድንጋዩ ጫፍ ብርሃን እስኪያሳልፍ ድረስ ስስ አድርጎ ቆረጠና በማይክሮስኮፕ የነሱንም የኛንም እያፈራረቀ አሳየኝ። እንደ ተበተነ ሰበዝ ነጫጭ ነገር አለ፤ መሃል መሃሉን ደግሞ እንደ ባቲ ገበያ ጨርቅ ቀለም በቀለም ነው። የቱ የማን እንደሆነ መለየት አቃተኝ።

«ወንድምህ ትክክል ይመስለኛል» አለ። «ግን ‹ይመስለኛል› ዲግሪ አያሰጥም። ሸሪዓም ከአንድ በላይ ምስክር ይጠይቃል። ከተራራው ግርጌም ከወገቡም የተለቀመ አምጣልኝ። ጽሑፉ በሱም ስም ይወጣል።»

ደሴ ስልክ አስቀጠርኩ፤ እናቴ ቴሌ ተጠርታ መጣች። ስልኩን ሌላ ጆሮም ይሰማዋል ብለን ስለ አወጣጤ አናነሣም። ስለዚህ ከድንጋይ በቀር ወሬ አልነበረንም።

«አፊያ ነህ? አሳየህልኝ?»

«አሳየሁ፣ እማ። ትክክል ይመስላል አለ።»

«ይመስላል?»

«እርግጠኛ ለመሆን ሌሎቹን ይፈልጋል፤ ጆንያው ውስጥ ያሉትን የጦሳዎቹን። ወደዚህ የሚመጣ ነጋዴ ካገኘሽ…»

«ጆንያው ባዶ ነው፣ ይማሜ። ቀብሩ ላይ ደርድሬያቸዋለሁ። ድንጋይ ሲለቅም አይደል የሞተው፤ ከሱ ሌላ ማን ይልበሳቸው ብዬ።» ቀጥላም «ላንሣቸው?» አለችኝ።

ከድምፅዋ «አንሺ» የሚለውን እየጠበቀች እንደሆነ አወቅሁ፤ እየፈራችውም እንደሆነ።

«አይነኩ» አልኳት። «የለቀመበትን ቦታ አውቀዋለሁ። ጦሳ የትም አይሄድም። ኢንሻ አላህ እኔው መጥቼ እለቅማለሁ።»

«መቼ?»

ሳላስበው ከአፌ የወጣው የሰይድ ቃል ነው። «ድንጋይ አይቸኩልም፣ እማ።»

ሳቀች። ሰይድ ከሞተ ወዲህ ሳቋን ሰምቼው አላውቅም ነበር።

«እሱስ አይቸኩልም» አለች። «እኔ ግን ድንጋይ አይደለሁም።»