የሳሊህ ዋስ

በጠላት ዘመን ልደታ በነበረው የጣልያን ችሎት አስተርጓሚ ሆኜ በገባሁበት ቀን፣ አለቃዬ አንድ ነገር ብቻ ነገረኝ፦ «ሰው ያለውን ትናገራለህ፤ አትጨምርም፣ አትቀንስም።» ጣልያንኛ ከሚሲዮን ትምህርት ቤት ለቃቅሜ ነበር። ሆድ ሲርብ የማን እንጀራ ነው አይባልም፤ ገባሁ።

ከጠመንጃ ያዥ ሰፈር ሳሊህ የሚባል ልብስ ሰፊ መጣ። እንግሊዝ በሚገዛው በኤደን ወደብ በመወለዱ «የእንግሊዝ ዜጋ ነህ፣ አገር ልቀቅ» ተብሏል። ትእዛዙ በጣልያንኛ ተጽፎ ስለተሰጠው ምን እንደሚል አላወቀም፤ ማን ያንብብለት? እኔ ሳነብለት የይግባኙ ጊዜ ሊያልቅ አንድ ቀን ቀርቶታል። ሚስቱ ዘነበች ደግሞ መውለጃዋ ደርሷል።

ዳኛው ፊት ቀርበን ቀን ይጨመርልን አልን።

«ጨምሬለት ቢጠፋስ?» አለ ዳኛው።

ከኋላ የሳሊህ ጎረቤት፣ ሸማኔው ጋሽ ወልዴ፣ ጋቢያቸውን አደግድገው ተነሡ። «ጃንሆይ ይሙት! ዋሱ እኔ ነኝ። ቢጠፋ እኔን ያዙኝ!»

ወይ ጉድ! ክው አልኩ። ባገራችን ዋስ የሚሆን ሰው በንጉሥ ስም ይምላል፤ አፋቸው የለመደውን ነው ያሉት። ያን ጊዜ ግን ይህ ቃል ያሰቅላል።

«ምን አለ?» አለኝ ዳኛው።

«በእግዚአብሔር ይምላል» አልኩ። የአለቃዬን ምክር እዚያው ዋጥኩት።

እስከ ማክሰኞ ተጨመረልን። ሳሊህ እጄን ሊስም ጎንበስ ሲል «ኧረ ተው! ይልቅ ይግባኙን እንጻፍ» አልኩት። ጻፍን፤ ጥሩ አድርገን ጻፍን።

እሑድ ጠዋት ካራቢኜሪ የሚባሉት የጣልያን ፖሊሶች መጥተው ከስፌት መኪናው ላይ አንሥተው ወሰዱት። ዘነበች የችሎቱን ትእዛዝ ይዛ እስከ ለገሃር ተከተለች። «እኛ ዘንድ የደረሰ ነገር የለም» ብለው ዓይኗ እያየ ባቡር ላይ ጫኑት።

ማክሰኞ ስሙ ሲጠራ የቆሙት ጋሽ ወልዴ ብቻ ነበሩ።

«የወሰዱት እኮ የእናንተው ሰዎች ናቸው!» አልኩት ዳኛውን።

ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። «ለችሎቱ የደረሰ ነገር የለም። ዋሱ ይታሰር።»

ይህን በምን አፌ ልናገር?

«ንገረኝ እንጂ ልጄ፣ ምን አለ?» አሉኝ ጋሽ ወልዴ። ነገርኳቸው።

«ይሁና። ምያለሁ፤ ምን ይደረግ?» አሉ። ጋቢያቸውን አውልቀው ከኋላ ተቀምጣ ለነበረችው ለዘነበች ሰጧትና «ለሕፃኑ ይሁን» ብለው ከዘበኛው ጋር ሄዱ። እዚያው እስር ቤት ሞቱ። ሳሊህም ልጁን ሳያይ ቀረ።

ነጻነት ከተመለሰ በኋላም በችሎት ሠርቻለሁ። ለሰው ቀን ባስጨመርኩ ቁጥር ትእዛዙን ይዤ መጀመሪያ የምሮጠው ወደ ፖሊስ ጣቢያ ነበር። ዳኛ የሰጠውን ቀን ዘበኛው ካልሰማ፣ ቀኑ አልተሰጠም።