ከበሩ ኋላ የቆመው መምህር

ጫማ ሰፊው በሰፈሩ ቤተ ክርስቲያን የአሥርና የአሥራ አንድ ዓመት ልጆችን ለረጅም ዘመን ያስተማረ፣ ከአራተኛ ክፍል በላይ ባይማርም ጥቅስ ሲጠቅስ አንዲት ፊደል የማይስት ሰው ነበር። ልጆቹ ጥያቄ ባነሡ ቁጥር «ጭጭ! መጀመሪያ በቃላችሁ ያዙ» ስለሚል፣ በሌለበት «ጋሽ ጭጭ» ይሉታል። እርሱም ይህን ያውቃል፤ ስሙን ያወጣው ማን እንደሆነ ግን ሁሉንም በየተራ ይጠረጥራል።

የሚስቱ ወንድም ፀጉር አስተካካዩ ከጎን ባለው ክፍል ማስተማር ሲጀምር ነገር ተበላሸ። ሰውየው መቀስ ቢይዝም ባይዝም ጨዋታ አያልቅበትም። ልጆቹ አንድ በአንድ ወደ እርሱ ኮበለሉ። በመጨረሻም የጫማ ሰፊው የገዛ ልጅ፣ «አባዬ፣ እኔም አጎቴ ጋ ልማር» አለችው። «ተማሪ» አላት፤ ፊቱ ግን ፀሐይ እንደ መታው እርጥብ ቆዳ ተኮማተረ።

ከዚያ ወዲያ የቀሩትን ጥቂት ልጆች ጥቅስ እንዲደግሙ አዝዞ ሹልክ ይልና ከአማቹ ክፍል በር ኋላ ይቆማል። «ከረሜላ ቢያድላቸው ነው እንጂ ምን አግኝተው!» ይላል በልቡ። በበሩ ስንጥቅ ቢያይ ቢያይ ከረሜላ የለም። ይህ ይበልጥ አንገበገበው።

አንድ እሑድ የአማቹ ትምህርት በማይታየው ስለ ማመን ሆነ፤ ጫማ ሰፊው «የእኔ» የሚለው ትምህርት። ፀጉር አስተካካዩ የጫማ ሰፊውን ልጅ ዓይን በፎጣ ሸፍኖ፣ «እስቲ እዚህ ማን ማን እንዳለ ንገሪን» አላት።

«የሚስቁት መንትዮቹ ናቸው። አፍንጫውን የሚስበው የዳቦ ጋጋሪዋ ልጅ ነው። አባዬም አለ።»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። «ጋሽ ጭጭ እዚህ ምን ሊሠራ!» አለ አንዱ።

«አታዪውም እኮ» አላት አጎቷ።

«ባላየውስ? የጫማ ማስቲሹ ይሸተኛል። ባለፈውም እሑድ ነበር። አባዬ እኔን ትቶ የት ይሄዳል?»

ከበሩ ኋላ ጫማ ሰፊው ዓይኑን ከስንጥቁ አነሣ። ይህን የመሰለ መልስ በእርሱ ክፍል ተመልሶ አያውቅም፤ ሽታው ሳይቀር ለአማቹ ማስተማሪያ ሆነለት!

በሩ ተከፈተ። «ጋሼ! ይግቡ እንጂ» አለ አማቹ።

«በመንገዴ ሳልፍ ነው።»

ልጅቱ ፎጣውን አውልቃ፣ «ግባ አባዬ፤ እዚህ መጠየቅ ይቻላል» አለችው።

እጇን ይዞ ወደ ራሱ ክፍል ሊወስዳት ተራመደ። ፊቷን ሲያይ ግን ጉልበቱ አገጩን እስኪነካ ድረስ በልጆቹ አጭር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠ። እርሷም ተንፏቅቃ ከጎኑ ሆነች። እርሱ ግን አማቹን ለማሰናከል እጁን አወጣ።

«እንግዲያው ሽታም ድምፅም የሌለው በምን ይታወቃል ትላለህ?»

ፀጉር አስተካካዩ ጭንቅላቱን አከከ። «እሱን እኔም በደንብ አላውቀውም፣ ጋሼ። እስቲ ከልጆቹ ጋር አብረን እንፈልገው።»

የልጆቹ እጅ በሙሉ ወደ ላይ ወጣ፤ የገዛ ልጁም ጭምር። ጫማ ሰፊው ጥርሱን ነከሰ። በዚያ ሁሉ ዘመን «አላውቀውም» ማለትን ከአማቹ በፊት ሳያስባት በመቅረቱ፣ በዚያች ቃል ሳይቀር ቀናበት።