ከእድፉ ሥር የቆመችው ሴት

ሰፈሩ ሁሉ «ውኃ ልክ» ይላታል። ቅጽል ስሙን ያወጣላት ባሏ ነው፤ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ነገር ትንሽ ዘመም ካለ እህል ውኃ አይወርድላትም እያለ ይስቅባታል። እሷም አትቀየምም። ሙያዋ ከአሮጌ ፎቶ ላይ ፎቶ አንስቶ ቅጂ ማውጣት ነው፤ ፎቶውና ካሜራው ፊት ለፊት እኩል ካልተያዩ ደግሞ የሰው መልክ ይጣመማል።

ካሜራውን የወረሰችው ከአባቷ ነው። የእንጨት ሣጥን ሆኖ መሐሉ እንደ አኮርዲዮን ይሳባል፤ አንድ ሰው አቅፎ አያነሳውም። አባቷ ያሰቡት ለታላቅ ወንድሟ ነበር። ወንድሟ ግን ጨለማ ክፍል ተዘግቶ ኬሚካል ማሽተት አልሆነለትም፤ ከአባቷ ጎን የቀረችው እሷ ናት።

አንድ ቀን ጠዋት የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ካርቶን በብብታቸው ይዘው መጡ። ውስጡ የትምህርት ቤቱ የመጀመሪያ ተማሪዎችና ሠራተኞች አብረው የተነሱት ፎቶ ነበር። ኔጋቲቩ ድሮ ጠፍቷል፤ የተረፈው ይኸው አንድ ወረቀት ብቻ ነው። ውኃ ገብቶበት ቀኝ ጫፉን ቢጫ እድፍ ውጦታል። ሁለት ፎቶ ቤት አስገልብጠውት ሁለቱም ጋ የወረቀቱ ማብረቅረቅ ፊቶቹን እንዳጠፋ፣ እድፉም ጭራሽ ጠቁሮ እንደወጣ ነገሯት።

«ተስፋ አለው ወይ፣ እትዬ?»

«ይተዉልኝ» አለቻቸው።

ፎቶውን ሰሌዳ ላይ ወጥራ መብራቶቹን ከግራና ከቀኝ በጎን አደረገች። ጥቁሩን ጨርቅ ተከናንባ ከካሜራው ኋላ ባለው መስታወት ላይ ተዘቅዝቆ የሚታየውን ምስል በማጉያ መረመረች። የመጀመሪያው ፊልም ታጥቦ ሲወጣ የካሜራው የናስ ቀለበት ራሱ ፎቶው ላይ አንጸባርቆ ተገኘ። በራሷ ተናደደች። ለሌንሱ ብቻ ቀዳዳ ትታ ካሜራውን በጥቁር ካርቶን ጋረደችው። ከዚያ የአባቷን ቢጫ መስታወት ሌንሱ ፊት አስገባች። በጥቁርና ነጭ ፊልም፣ በቢጫ መስታወት በኩል የተነሳ ቢጫ እድፍ እንደ ንጹሕ ወረቀት ነጭ ይሆናል፤ ይህን የተማረችው ከአባቷ እጅ እንጂ ከመጽሐፍ አይደለም።

በሦስተኛው ቀን ዳይሬክተሩ ሲመጡ፣ ከጥጉ ጠብታ ከምታህል ነጥብ በቀር ቅጂው ላይ እድፉ የለም። እድፉ በነበረበት ቦታ፣ ከሠራተኞቹ ኋላ፣ መጥረጊያ የያዘች ቀጭን ሴት ቆማለች። ሰውየው መነጽራቸውን አወለቁ፤ መልሰው አደረጉ።

«እናቴ ናት» አሉ ዝግ ብለው። «እዚያው ጽዳት ነበረች። ፎቶው ላይ መኖሯን ግን አላውቅም ነበር።»

ውኃ ልክ ወንበር አቀረበችላቸው።

ቅጂው በትምህርት ቤቱ መግቢያ በተሰቀለ ዕለት ዳይሬክተሩ በተማሪዎቹ ፊት አስቆሟትና ፎቶውን ማን እንዳዳነው ተናገሩ። ጭብጨባው ሲበርድ፣ ካሜራውን ሽጪው እያለ ስንት ዓመት የነዘነዛት ወንድሟ ጠጋ አላት።

«አባባ ይሄን ቢያዩ ምን ይሉ ነበር?»

«ከጥጉ ትንሽ እድፍ ቀርቷል ነበራ የሚሉኝ» አለችው፣ አንገቷን ቀና አድርጋ።