የአባቴ ጨዋታ

እኔ ነገር ሲበዛብኝ እጮሃለሁ። ከእናትሽ የወረስሽው ነው ይሉኛል፤ ይሁን። በዚያ ዓመት ግን ብጮህም የሚሰማኝ አልነበረም። አባቴ እዚያው ቤት፣ ፊት ለፊቴ ተቀምጠው አጥቻቸው ነበር።

ነገሩ የጀመረው እናቴ ባረፈች ሰሞን ነው። ለቅሶ ደራሹ ተመልሶ ቤቱ ጭር ሲል፣ የእህቴ ልጅ «ሐዘን ይርሱበት» ብሎ ስልካቸው ላይ አንድ ጨዋታ ጫነላቸው፤ ቀለም ከቀለም እያገጣጠሙ የሚያፈነዱት ዓይነት። አባቴ ፍኖተ ሰላም ውስጥ ስንቱን ልጅ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። መጀመሪያ ሳቅንባቸው። «ዛሬ ክፍል አለፍሁ!» ሲሉኝ «እሰይ፣ ደብተር ይገዛልዎት!» እላቸው ነበር። እየቆየ ግን ሳቁ ቀረ። እኔ ቡሬ የእህል መጋዘን ውስጥ ነው የምሠራ፤ ጧት በሚኒባስ ሄጄ ማታ እመለሳለሁ። ስገባ «ደህና ዋልሽ?» የሚለኝ ጠፋ። እራት አቀርባለሁ፤ ወጡ ይበርዳል። «ይችን ብቻ ልጨርስ» ይላሉ። ያች «ይችን ብቻ» መቼም አታልቅም።

አንድ ጧት የእድሩ ጥሩምባ ነፊ በደጃችን አለፈ። የአባቴ አብሮ አደግ፣ ሲያገቡ ሚዜያቸው የነበሩት ሰው አርፈው ኖሯል። አባቴ ይከተሉኛል ብዬ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ወጣሁ። አልመጡም። ከቀብር መልስ ሰዉ ሁሉ «መምህርሳ? ምነው መምህር ቀሩ?» እያለ ሲጠይቀኝ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ። ቤት ስገባ ከመደቡ አልተነሡም፤ ስልኩም ከእጃቸው አልወረደም። «ጥሩምባውን ሰምቻለሁ። አሁን እነሣለሁ፣ አሁን እነሣለሁ ስል…» አሉ። የዚያን ቀን አልጮህሁም። ፈራሁ። እናቴን ቀብሬ እኚህን ደግሞ በቁማቸው ልቀብር ነው አልሁ።

ወደ ንስሐ አባታችን ሄድሁ። ጸበል ብቻ ያዙልኛል ብዬ ነበር። «ጸበሉንም ይጠመቁ፤ ሆስፒታልም ውሰጃቸው» አሉኝ። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው ልጄ። ሥሩን ፈልጎ የሚያገኝ ባለሙያ አለ።» እግዜር ይስጣቸው፣ መንገዱን ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው። አባቴ ግን ሆስፒታል ደርሰን በሩ ላይ «የአእምሮ ጤና ክፍል» የሚለውን ሲያነቡ፣ «በስተርጅና እብድ አደረግሽኝ!» ብለው ፊታቸውን ወደ መጡበት አዞሩ። «እብዷስ እኔ ነኝ፤ ለእኔ ሲሉ ይግቡ» ብዬ እጃቸውን ያዝሁ።

ባለሙያዋ ልጅ እግር ናት። ወንበር ስባ አስቀመጠቻቸውና፣ ለእንግዳ እንደምንለው፣ «እስቲ ይጫወቱ አባባ» አለቻቸው። አባቴ ተቆጡ። «ጨዋታውማ አይደል እንዴ ወዲህ ያመጣኝ!» እሷ በሳቅ ፈረሰች፤ እኔም ሳቄን መያዝ አቃተኝ። ጥቂት ቆይተው እሳቸውም ፈገግ አሉ። ከእናቴ ቀብር ወዲህ ጥርሳቸውን ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

«ስልኩን ብቀማቸውስ?» አልኋት።

«ባዶ እጃቸውን ምን ታስይዥዋለሽ?» አለችኝ። ከዚያ ወደ እሳቸው ዞራ፣ እጃቸው ስልኩን አጥብቆ የሚሻው መቼ እንደሆነ ጠየቀቻቸው።

«ሲመሻሽ» አሉ።

«ድሮ በዚያ ሰዓት ምን ያደርጉ ነበር?»

«ምን አደርጋለሁ፤ እጫወት ነበር።»

«ከማን ጋር?»

አባቴ የጋቢያቸውን ጫፍ ወደ ዐይናቸው ወሰዱ። በእናቴ ቀብር ላይ፣ ወንድ ልጅ አያለቅስም ብለው የያዙት እንባ ሁሉ እዚያ ወንበር ላይ ወጣ። እኔም አነባሁ። ሲመሽ ሁለቱ መደቡ ላይ ተቀምጠው የዋሉበትን ሲጨዋወቱ እየሰማሁ ነው ያደግሁት፤ እንዴት ዘነጋሁት!

ብዙ ጊዜ ተመላለስን። ጨዋታውን ዛሬውኑ ይተዉ አላለቻቸውም። ሲመሽ ስልኩ ቁም ሣጥን ላይ ይውጣ፤ አምሮቱ ሲመጣ እንደ ዶፍ ዝናብ ነው፣ ተጠልለው ያሳልፉት፤ ደጅ ወጥተው አላፊ አግዳሚውን ያነጋግሩ አለች። ለእኔም ሥራ ሰጠችኝ፤ ምሽት ምሽት ከአባቴ ጋር እንድጫወት። ቀላል መስሎኝ ነበር፣ ኧረ ቀላል! የመጀመሪያው ማታ እንደ አዲስ አማቾች ተፋጠጥን። «ተጫወች እንጂ» ይላሉ፤ «እርስዎም ይጫወቱ» እላለሁ። ሲጨንቀኝ ጊዜ፣ ቡሬ መናኸሪያ አንድ በግ ከገበሬው እጅ አምልጦ ሚኒባስ ውስጥ ገብቶ ተሳፋሪውን ሲያተራምስ ያየሁትን ነገርኋቸው። በጥሞና ሰምተውኝ ሲያበቁ «ሒሳብ ከፈለ?» አሉኝ። ያ በግ ይባረክ፣ ከዚያ ወዲያ ወሬ ቸግሮን አያውቅም።

መውደቅም ነበረ። ክረምቱ ሲገባ ስልኩን አውርደው ወደዚያው ተመለሱ። ተናድጄ ባለሙያዋ ዘንድ ስሄድ «ከመቆጣትሽ በፊት ምን ትዝ እንዳላቸው ጠይቂያቸው» አለችኝ። ለካ የእናቴ ሙት ዓመት እየደረሰ ኖሯል። አብረን አለቀስንና ስልኩ ተመልሶ ወደ ላይ ወጣ። በአብሮ አደጋቸው ተዝካር ቀን ደግሞ የሟቹ ሚስት እግር ላይ ወድቀው ይቅርታ ጠየቁ። እሷም አነሣቻቸውና ከአጠገቧ አስቀመጠቻቸው። እንዲያ ያለችውን ሐኪም የወለደች እናት ትባረክ፤ እኔ ከምርቃት ሌላ የምከፍላት የለኝም።

ባለፈው ከቡሬ ስመለስ የሚኒባሱ ጎማ ፈንድቶ አመሸሁ። ሰፈር ስደርስ አባቴ ጋቢያቸውን ደርበው በር ላይ ቆመዋል።

«ምነው፣ ምነው እንዲህ ማምሸት!» ብለው ተቆጡኝ። «ጨዋታ ይዤ ስጠብቅሽ!»

ቦርሳዬን ሳላወርድ መደቡ ላይ ቁጭ አልሁ። አባቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ እናቴ ካረፈች ወዲህ አውርተውኝ የማያውቁትን ጀመሩ።

«እናትሽ አንድ ቀን ምን አለችኝ መሰለሽ…»