ጋሽ ተክሌ ስለ ዓሣው ያሉት

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ አውሮራ ከተማ ወዳለ ሱፐርማርኬት ወሰደችኝና የዓሣ እሽግ አንስታ ታገላብጥ ጀመር። ከየትኛው ባሕር እንደተያዘ፣ በመንጠቆ ይሁን በመረብ፣ ሁሉም ተጽፎበታል። "እማ፣ ይሄኛው ሰስቴይነብል ነው" አለችኝ፤ ዓሣው እንዳያልቅ ተጠንቅቀው ያጠመዱት ማለቷ ነው። ወረቀት ሁሉ እውነት እንደማይናገር ስለማውቅ እሽጉን ተቀብዬ ወደ ቦታው መለስኩት። ለምን እንደመለስኩት አልነገርኳትም።

ነገሩ የሆነው በሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ሎውሪ የሚባል ሰፈር ውስጥ አንዲት ምድር ቤት ተከራይቼ፣ ሁለት አውቶቡስ እየቀያየርኩ ኮሜርስ ሲቲ ወደሚገኝ የዓሣ መጋዘን እሄድ ነበር። በበረዶ የመጣውን ዓሣ እንከፍታለን፣ እናጸዳለን፣ መልሰን እናሽጋለን። ሽታው በሎሚ ቢታጠቡትም አይለቅም። አውቶቡስ ላይ አጠገቤ የተቀመጠ ሰው ቦታ ይቀይራል። ቤተ ክርስቲያንም ስሄድ ከኋላ፣ በሩ ጋ እቆምና ቅዳሴው ሲያልቅ ማንንም ሳልሳለም እወጣለሁ። እንዲህ ሆኜ ወራት አለፉ።

አማርኛ የማወራው መጋዘኑ ውስጥ አብረውኝ ከሚሠሩት ከጋሽ ተክሌ ጋር ብቻ ነበር። አሰብ ተወልደው ያደጉ፣ ጦርነት እስኪያፈናቅላቸው ድረስ ዓሣ ሲያጠምዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ምሳ ሰዓት ባዶ ሳጥን ላይ ተቀምጠን፣ እሳቸው ሚጥሚጣ የነካው የተጠበሰ ዓሣ በዳቦ፣ እኔ የቀዘቀዘ ሽሮ ፍትፍቴን እንበላለን። ዓሣ እንቁላል በሚጥልበት ወራት አባታቸው መረባቸውን ጠቅልለው ጨው ማምረቻ ይቀጠሩ እንደነበር አጫውተውኛል። የዘር እህል አይበላም፣ ባሕርም ዘር አለው ይሉ ነበር አሉ አባታቸው።

ሚያዝያ ላይ፣ በረዶው ወደ ዝናብ በተቀየረበት አንድ ጠዋት፣ ጋሽ ተክሌ የመጀመሪያውን ዓሣ ሲከፍቱት ሆዱ እንቁላል ሞልቶታል። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም እንደዚያው። አለቃችን ደግሞ የሳጥኖቹን ወረቀት ልጠን የሌላ ባሕር ስም ያለበትን እንድንለጥፍ አዘዘን። ዓሣው የተያዘበት ባሕር በዚያ ወር ለአጥማጅ ዝግ ነበር፤ ማስታወቂያው እዚያው ግድግዳችን ላይ ተለጥፎ ሁላችንም አይተነዋል።

ጋሽ ተክሌ ቢላዋቸውን አስቀመጡ። እንግሊዝኛቸው ስለማይበቃቸው ወደ እኔ ዞሩ።

"ልጄ፣ ንገሪልኝ። ይሄ ስርቆት ነው። የነገውን ዓሣ ነው የምንሰርቀው። እኔ እጄን አላስገባበትም በይልኝ።"

አለቃው ይጠብቃል። ብባረር የምጠጋበት ሰው አልነበረኝም። ደክሟቸዋል፣ ዛሬ ሌላ ሥራ ቢሰጣቸው ይላሉ አልኩት። እሱም ፈገግ ብሎ ትከሻቸውን ቸብ ቸብ አደረገና መጥረጊያውን አሳያቸው።

ታየርድ፣ ደክሞኛል ማለት የሆነችውን የእንግሊዝኛ ቃል ጋሽ ተክሌ ያውቋታል። ሁላችንም እዚህ አገር መጀመሪያ ከምንለምዳቸው ቃላት አንዷ ናት። መጥረጊያውን ሳይቀበሉ ወደ እኔ ዞሩ።

"ደክሞኛል አላልኩም" አሉኝ።

ሽርጣቸውን ፈትተው፣ አጣጥፈው ጠረጴዛው ላይ አኖሩና በዝናቡ ወጡ። እኔ እስከ መውጫ ሰዓት ወረቀት ስለጥፍ ዋልኩ።

ከዚያ በኋላ ምሳዬን ብቻዬን በላሁ። ሦስት እሁድ ቤተ ክርስቲያን ፈለግኋቸው፤ በኋላ ሲያትል ልጃቸው ጋ መሄዳቸውን ሰማሁ። ሙቀቱ ሲገባ፣ ሰመር ላይ፣ ተቆጣጣሪ መጥቶ አንድ በአንድ ሲያነጋግረን፣ ጋሽ ተክሌ ያሉትን ቃል በቃል ነገርኩት። መጋዘኑ ተቀጣ፣ እኔም ሥራውን ለቀቅኩ። ይህንኑ ልነግራቸው ስልካቸውን ከሰው አግኝቼ ደወልኩ። ያነሳው ልጃቸው ነበር። ማን ልበላቸው ሲለኝ ስሜን መናገር አቅቶኝ ዘጋሁት።

ዛሬ በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ አላውቅም። ባሕርንም እስከ ዛሬ በዓይኔ አላየሁም። ልጄ በየዓመቱ ልውሰድሽ ትለኛለች፤ እሺ እላትና ቀኑ ሲቃረብ ምክንያት አበዛለሁ። ንገሪልኝ ተብዬ ዝም ያልኩበትን ባሕር በምን ዓይኔ አየዋለሁ?