የሱቄ ቁልፎችና የልጄ ሞተር

«እማማ፣ እርስዎ ቁጭ ይበሉ፣ ይሄ የኤሌክትሪክ ሥራ ነው!» አለኝ ዛሬ ጠዋት አንድ መካኒክ፣ መቁረጫውን እንደያዘ። እዚሁ ሰባተኛ ሰፈር፣ ሱቃችን ደጅ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ!

ማን? እኔ? እግሬ ይሰበር እንጂ አልቀመጥም!

ልጄ ሰናይት በርበሬያችንን ለደንበኛ የምታደርሰው በሞተር ነው። ዛሬ ሱቃችን ደጅ ቀጥ አለባት። ቁልፉን ብታዞር መብራት የለም።

መካኒኩ «ገመዱ ተቃጥሏል፣ ሁሉም ተቆርጦ ይቀየራል፣ ሁለት ቀን ይቆማል» አላት። ልጄ ልታለቅስ ደረሰች። ሁለት ቀን ከቆመች ደንበኛው ሌላ ጋ ይሄዳላ!

«አንዲት ገመድ እንዳትነካ! መጀመሪያ ባትሪውን እይ» አልኩት። ባትሪው ደህና። ፊውዙም ደህና።

ወዲያው ከሞተሩ ቁልፍ ላይ የተንጠለጠሉት ቁልፎች ሲወዛወዙ መብራቱ ብልጭ ሲል አየሁ። በእጄ ከፍ አደረግኳቸው፣ መብራቱ ቦግ! ለቀቅኳቸው፣ ጥፍት!

የምን ቁልፎች መሰሏችሁ? የሱቃችን የስድስት ጓጉንቸር! እንዳይጠፉ ብዬ እዛ ያሰርኳቸው እኔው ነኝ። ክብደታቸው ቁልፉ የሚገባበትን ማስነሻ ሲጎትት ከርሞ ውስጡን አላላው።

«ታዲያ ጥፋተኛዋ እርስዎ ነዎት!» ብሎ ሳቀብኝ።

«አዎ እኔ ነኝ! አንተ ግን ደህናውን ገመድ ልትቆርጠው ነበር!»

መቁረጫውን አስቀምጦ ማስነሻውን ብቻ ፈቶ፣ አጽድቶ አጠበቀው። ሰናይት በርበሬዋን ጭና በረረች።

ቁልፎቹን አሁን አንገቴ ላይ አስሬያቸዋለሁ፣ ይከብዳሉ፣ ግን አላወልቃቸውም።

እናንተስ፣ ቁጭ በሉ ተብላችሁ እምቢ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ጻፉልኝ፣ ለመካኒኩ ጮክ ብዬ አነብለታለሁ!